ሁለተኛው ቀለበት

ቁራሌው ማለዳ፣ ከቀሐ ዳገት ላይ
ጆንያውን አወረደ፤ «ብረት አለሽ ወይ?»
አለኝ። ከጓዳ አወጣሁለት
የዛገ አንድ ቀለበት፣
የቅድመ አያቴን አንጓ ዓመት ሙሉ የላጠ፣
ኋላ ለጎተራችን መዝጊያ የተቀመጠ።

ደርሶ ይባል ነበር። በጨለማ ገብቶ
የእንግዳውን በቅሎ ከአዘዞ መስክ ፈትቶ
ለጭልጋ ነጋዴ ሸጣት በሰባት ጠገራ ብር፤
ዋጋዋ አሥራ ሁለት፣ ኮርቻዋን ሳይጨምር።

በዚያን ጊዜ ሕጉ ከሳሽን ከተከሳሽ
በቁራኛ ያስራል፣ አንዱ አንዱን እንዳይሸሽ።
እንግዳውና ደርሶ፣ ግራ ከቀኝ ተያይዘው
ከችሎት ችሎት ዞሩ፣ አንድ ጥላ ለብሰው።
አንዱ ሲያስል ሌላው ሳይተኛ አንግቶ፣
አንዱ ሜዳ ሲወጣ ሌላው ፊቱን አዙሮ ቆይቶ፣
እንጀራ ሲቆርሱ ሰንሰለቱ ወጡን እየነካ
አብረው ከረሙ። ጠላትም ይለመዳል ለካ።

ዳኛው ፈረደበት፤ «ቆላ ይውረድ» ብሎ።
እንግዳው ተፈታ፤
ደርሶ ሄደ፣ ባዶውን ቀለበት ከእጁ አንጠልጥሎ።

ዘጠኝ ሆነው ወረዱ በጭልጋ ቁልቁለት፤
አምስት ብቻ ሆኑ ሽንፋ ዳር ያደሩት።
አራቱን ንዳድ ወሰዳቸው፤ ስማቸውን የያዘ የለም፤
ልጆቹ ሲጠይቁት ደርሶ
«ነበሩ» ይላል እንጂ አይጨምርም።

ከዚያ ወዲያ ያለው ተረት ይመስላል፦
የቆላው ገዢ ጸሐፊ ሞቶበት፣ «ፊደል የቆጠረ?» ይላል።
ደርሶ ዳዊት ደግሟል። ጽፎ ግብር ሰበሰበ፤
በደመወዙ ፈንታ ቀላድ ተሳበ።
ገመዱ ከባምባው ዛፍ እስከ ምስጥ ኩይሳ፣
ከኩይሳው እስከ ወንዙ ሲጋደም ሲነሣ
በመሐል ጎጆ ነበር፣ እሳቱ ያልጠፋ፤
ማሽላም ቆሞ ነበር፣ እሸቱን ያፋፋ።
ደብተሩ ግን «ጠፍ» አለው።
ጽሕፈቱ የደርሶ ነው።

ጥጥ ዘራ፣ ሰሊጥ ዘራ፤ ጭሰኛ ሆኑ ባለቤቶቹ፤
ጎንደር ቅዳሜ ገበያ በግመል ገቡ ጭነቶቹ።
ቀሐ ላይ ቤት ሠራ። አስጠርቶም ከፈለ ለእንግዳው የበቅሎዋን፤
አሥራ ሁለቱን ብር፣ ጨምሮ ኮርቻዋን።
እንግዳው ብሩን ቆጥሮ፣ የእጁን ጠባሳ ገልጦ
«ይህንስ?» አለው።
ደርሶ የራሱን አሳየው፣ ዝም ብሎ ተቀምጦ።

በዚያው ዓመት ሰሊጥ ጠፋ፤ ሁለት ቁና ይሆናል።
«ባበክር ነው» አሉ።
ባበክር «የአባቴ ማሳ ነው» ይላል።
ደርሶ ምስክር አልጠራም፤ ያንኑ ሰንሰለት ከግድግዳ አወረደ፤
አንዱን ለእሱ፣ አንዱን ለራሱ ቆልፎ ወደ ጎንደር ሄደ።

ጭልጋ ላይ አደሩ። ሲያስል አመሸ ደርሶ፤
ባበክር ውሃ ሰጠው፣ ቅሉን ወደ አፉ መልሶ።
ሲነጋ ሰንሰለቱ ግማሹ ብቻ ነበር፤
ባበክር ቀለበቱን እንዳጠለቀ ሄዷል፣
ወይ ወደ ሽንፋ፣ ወይ ወደ ድንበር።
ደርሶ አላስፈለገውም። ቤቱ ገብቶ
የራሱን ፈታና ከመዝጊያው ላይ ሰካው፤
ስለ ሰሊጡ አላወራም ዳግመኛ አንሥቶ።
እናቴ እዚህ ላይ ስትደርስ ድምጿን ዝቅ ታደርግ ነበር፣
ጎረቤት እንዳይሰማ፣ ወይም እሱ ራሱ እንዳይነቃ ከመቃብር።

ቁራሌው መዘነው። «ኪሎም አይሞላም፤
ጥንድ ቢሆን ደህና ነበር፤ ነጠላ ብዙ አያወጣም።
ሌላው የት አለ?» አለኝ።
ወደ አዘዞ፣ ወደ ጭልጋ፣ ከዚያም ወዲያ ወደ ቆላው አየሁ፤
እሱ ጆንያውን ከፍቶ ጠበቀኝ።